ግድግዳ ላይ ዕድሜ የሚኖረው የኤናሜል የፀሐይ ሰዓት አሠራር

የቤታችሁን አሮጌ የኤናሜል ትሪ አንሡና ጠርዙን ተመልከቱ። መሐሉ ስንት ዓመት ሙሉ ትኩስ ነገር ሲፈስበትና ሲፈተግ ኖሮ ዛሬም ነጭ ነው። ወድቆ በተሸረፈበት ጠርዝ ላይ ግን ጥቁር ነጥብ አለ፤ ዝገቱ ከነጥቡ ተነሥቶ በነጩ ሥር እየገባ እንደ ቅርፊት ያነሣዋል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የፀሐይ ሰዓትም ዕድሜው የሚወሰነው በዚሁ ነው። ኤናሜል ብረት ላይ ቀልጦ የተያያዘ መስታወት ስለሆነ ፀሐይ በቀላሉ አያደበዝዘውም፣ ዝናብም አያጥበውም። ብልሽት የሚጀምረው ብረቱ አየርና ውሃ ያገኘ ቀን ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ ሁለት ነገር ይጠብቃል፦ አንድም ቦታ ብረቱ ሳይሸፈን እንዳይቀር፣ ሰዓቱን የሚያሳየው መስመርም በላዩ የተቀባ ቀለም ሳይሆን ራሱ መስታወት እንዲሆን።

መጀመሪያ ግድግዳውን ምረጡ

በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የፀሐይ ሰዓት በብዛት የሚሰቀለው ደቡብ በሚያይ ግድግዳ ላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ ይህን እንዳለ መቅዳት ስሕተት ነው። ከተማዋ በሰሜን ኬክሮስ 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች፣ ከሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት እስከ ነሐሴ የመጨረሻው ሳምንት ድረስ ፀሐይ በእኩለ ቀን ከአናታችን ወደ ሰሜን ታልፋለች። በእነዚህ ወራት ደቡብ የሚያይ ግድግዳ ቀኑን ሙሉ በቀጥታ ፀሐይ አይመታም። ምሥራቅ የሚያይ ግድግዳ ግን ዓመቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት ብርሃን ያገኛል፣ ምዕራብ የሚያየው ደግሞ ከሰዓት በኋላ። እዚህ የምንሠራው ለምሥራቅ ግድግዳ ነው፤ የምዕራቡን ልክ ከታች እንሰጣለን።

የምሥራቅ ሰዓት ለኛ አቆጣጠር የተፈጠረ ይመስላል። ሰዓታችን ከፀሐይ መውጫ ይነሣል፣ መስመሮቹ የሚሠመሩበት ሳህንም ከላይ በ፲፪ ጀምሮ ፀሐይ ከፍ ባለች ቁጥር ጥላው ወደ ታች እየወረደ ፩፣ ፪፣ ፫ ይላል። ጥላን በጫማ እየሰፈሩ ሰዓት ማወቅ በነበረበት አገር የግዕዝ ቁጥር ያለበት የጥላ ሰዓት ባዕድ ነገር አይደለም።

ግድግዳው በትክክል ምሥራቅ ማየቱን በኮምፓስ አትለኩ፤ በኮንክሪቱ ውስጥ ያለው ፌሮ መርፌውን ያሳስተዋል። በፀሐይ ለኩ። ጠፍጣፋ ሳንቃ በውሃ ልክ አስተካክላችሁ ግድግዳው ሥር አስቀምጡ፣ በላዩ ቱንቢ አንጠልጥሉ። ለዚህ የሚመቸው ቀን ታኅሣሥ 16 አካባቢ ነው፦ አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ያን ቀን እኩለ ቀን ላይ የምትደርሰው በስልካችሁ 6፡25 ላይ ነው፣ ጥላውም ረዘም ብሎ ወደ ሰሜን ይወድቃል። በዚያች ደቂቃ የክሩን ጥላ በእርሳስ አስምሩ። አንድ ደቂቃ ብትዘገዩ ወደ ግማሽ ዲግሪ ይሳሳታል፤ ስለዚህ አንድ ሰው ሰዓቱን ይጥራ፣ ሌላው ያስምር። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ አትሞክሩ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስለምትሆን ክሩ ጥላ የለውም።

መስመሩ ከግድግዳው እኩል ርቆ ከሄደ ግድግዳው ትክክለኛ ምሥራቅ ያያል። በ500 ሚ.ሜ ርዝመት ውስጥ 9 ሚ.ሜ ከራቀ ወይም ከቀረበ ግድግዳው 1 ዲግሪ ዞሯል ማለት ነው። እስከ 4 ዲግሪ ድረስ ያለውን በመስቀያው ማቃናት ይቻላል። ከዚያ በላይ ከሆነ ከታች ያለው ልክ አይሠራም፤ ሌላ ግድግዳ ፈልጉ ወይም ሳህኑን በትክክል ምሥራቅ የሚያይ የብረት ክንድ ላይ ስቀሉ።

ልኩ

በምሥራቅ ግድግዳ ላይ ጥላ የሚጥለው ዘንግ ከሳህኑ ጋር ትይዩ ሆኖ ይቆማል፣ የሰዓት መስመሮቹም ሁሉ ከዘንጉ ጋር ትይዩ ናቸው። ዘንጉ ወደ ሰማይ ዋልታ ማመልከት ስላለበት ከአግድም ልክ የአካባቢውን ኬክሮስ ያህል ወደ ሰሜን ከፍ ይላል። አዲስ አበባ ላይ ይህ 9 ዲግሪ ነው። ግድግዳውን ፊት ለፊት ስታዩት ሰሜን በቀኝ እጃችሁ በኩል ስለሚሆን መስመሮቹ ወደ ቀኝ ይወጣሉ።

የሳህኑን ስፋት 300፣ ቁመቱን 320 ሚ.ሜ አድርጉ። የዘንጉ ከፍታ 70 ሚ.ሜ ይሁን፤ የሚለካው ከዘንጉ መሐል እስከ ኤናሜሉ ፊት ነው፣ ከዘንጉ ታች አይደለም። በሳህኑ ስፋት መሐል ላይ ከላይኛው ጠርዝ 70 ሚ.ሜ ወርዳችሁ በ9 ዲግሪ የሚወጣ መነሻ መስመር በእርሳስ አስምሩ። ዘንጉ የሚቆመው በዚህ መስመር ላይ ነው።

አሁን አንድ ነገር ወስኑ፦ ሰዓቱ የፀሐይን ሰዓት ያሳይ ወይስ የእጅ ሰዓታችንን? የኢትዮጵያ ሰዓት የተቀመረው በምሥራቅ ኬንትሮስ 45 ዲግሪ ነው። አዲስ አበባ ያለችው 38 ዲግሪ ከ45 ደቂቃ ላይ ስለሆነች ፀሐይዋ ከእጅ ሰዓት በ25 ደቂቃ ትዘገያለች። ይህን መስመሮቹ ውስጥ ማስገባት ይሻላል፤ አለዚያ ያየ ሁሉ «ሰዓቱ ተሳስቷል» ይላል። 25 ደቂቃው ተካትቶበት ከመነሻው መስመር በቀጥተኛ ማእዘን የሚለካው ርቀት ይህ ነው፦

፲፪ ሰዓት፦ ከመነሻው በላይ 7.7 ሚ.ሜ
፩ ሰዓት፦ ከመነሻው በታች 10.8
፩ ተኩል፦ 20.4
፪ ሰዓት፦ 30.8
፪ ተኩል፦ 42.5
፫ ሰዓት፦ 56.2
፫ ተኩል፦ 73.1
፬ ሰዓት፦ 95.5
፬ ተኩል፦ 127.6
፭ ሰዓት፦ 180.0

ከ፭ በኋላ መስመሩ በፍጥነት ይሸሻል፤ አምስት ተኩል ላይ 286 ሚ.ሜ ይደርሳልና እዚህ ማቆም ይበጃል። ለምዕራብ ግድግዳ መስመሮቹ ወደ ግራ ይወጣሉ፣ ርቀቱም ሁሉም ከመነሻው በታች ነው፦ ፰ ሰዓት 159.1፣ ፱ ሰዓት 87.2፣ ፲ ሰዓት 51.3፣ ፲፩ ሰዓት 27.2፣ ፲፪ ሰዓት 7.7።

ለሌላ ከተማ ስሌቱ ቀላል ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ያለፈውን ጊዜ በ15 አባዙና ዲግሪ አድርጉት፣ በ45 እና በከተማው ኬንትሮስ መካከል ያለውን ልዩነት ቀንሱ፣ የቀረውን ማእዘን ታንጀንት በ70 አባዙ። ጎንደር ላይ ልዩነቱ 7.5 ዲግሪ፣ ማለትም 30 ደቂቃ ነው፤ የመስመሮቹ ዝንባሌም ወደ 12.6 ዲግሪ ከፍ ይላል። ዋሽንግተን ወይም ኢየሩሳሌም ያላችሁ ግን ደቡብ የሚያይ ግድግዳ ተጠቀሙ፤ ልኩ ሌላ ነው፣ የኤናሜሉ ሥራ ግን አንድ ነው።

ብረቱ

ማንኛውም ላሜራ አይሆንም። የሚያስፈልገው ካርቦኑ በጣም ያነሰ፣ ለኤናሜል ተብሎ የተመረተ ለስላሳ ላሜራ ነው፣ ውፍረቱ 1.6 ሚ.ሜ። ዚንክ የተቀባውን ከነጭራሹ አታስቡት፦ ዚንኩ ምድጃ ውስጥ ጎጂ ጭስ ያወጣል፣ ኤናሜሉንም ያፈላዋል። ተራ ላሜራ ደግሞ መጀመሪያ ጥሩ ይመስልና ከምድጃ ከወጣ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ የጨረቃ ቅርጽ ያላቸው ስንጥቆች ጠብ ጠብ እያሉ ይነሣሉ፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት። ምክንያቱ ሃይድሮጅን ነው፦ ብረቱ ሲግል ከእርጥበት የወሰደውን ጋዝ ሲቀዘቅዝ መያዝ ያቅተዋል፣ መውጫ ሲያጣ መስታወቱን ፈንቅሎ ይወጣል። የኤናሜል ላሜራ ጋዙን የሚያስቀምጥበት ቦታ በውስጡ አለው።

ጠርዙን ዙሪያውን በ15 ሚ.ሜ ወደ ኋላ እጠፉት። ይህ ሳህኑ እሳት ውስጥ እንዳይጣመም ያደርገዋል፣ የተቆረጠውን ጠርዝም ከዝናብ ይሸሽጋል። የማእዘኖቹን መገጣጠሚያ በይዱና በሞረድ አለስልሱት። በየማእዘኑ ከጠርዝ 20 ሚ.ሜ ገብታችሁ አራት የመስቀያ ቀዳዳ፣ በመነሻው መስመር ላይ ደግሞ በ240 ሚ.ሜ ርቀት ሁለት የዘንግ ቀዳዳ በትራፓኖ ብሱ፤ ለ5 ሚ.ሜ ቡሎን የ7 ሚ.ሜ ቀዳዳ ይበቃል፣ ኤናሜሉ ያጠበዋልና። ቀዳዳ የሚበሳው ከኤናሜል በፊት ብቻ ነው። ስለታም ጠርዝ ሁሉ፣ የቀዳዳውም አፍ ጭምር፣ በጣት ሲዳሰስ ክብ መሆን አለበት። የቀለጠ መስታወት ከስለታም ጠርዝ ይሸሻልና እዚያ የሚቀረው ስስ ሽፋን ነው ቀድሞ የሚሸረፈው።

ከዚያ በኋላ ቅባቱን በሙቅ የሶዳ ውሃ አውጡ፣ ፊቱን በአሸዋ ንፋስ ወይም በብርጭቆ ወረቀት አሻክሩት፣ አጥባችሁ ወዲያው አድርቁ። ፈተናው ውሃ ነው፦ ሳህኑ ላይ ስታፈሱ ውሃው አንድ ወጥ ሆኖ ከተሰራጨ ንጹሕ ነው፣ እንደ ጎመን ቅጠል ላይ ከተንከባለለ ቅባት አለ። ካለፈ በኋላ በባዶ እጅ አትንኩት፤ የአውራ ጣት አሻራ እንኳ በኋላ ኤናሜሉን ይሰበስበዋል።

ሦስት ሽፋን፣ ሦስት እሳት

ኤናሜሉ የሚገዛው ፍሪት በሚባል የተፈጨ መስታወት መልክ ነው። ሦስት ዓይነት ያስፈልጋል፦ ኮባልት ያለበት መነሻ ሽፋን (ከብረቱ ጋር የሚያያዘው እሱ ብቻ ነው)፣ አሲድ የሚቋቋም ጥቁር፣ አሲድ የሚቋቋም የታይታኒየም ነጭ። ነጩ ከፊል ደብዛዛ ቢሆን ይመረጣል፤ የሚያብረቀርቅ ነጭ የጠዋት ፀሐይን ወደ ዓይን ይመልሳል። ሊድ (መርዛማ ብረት) የሌለበት መሆኑን አረጋግጡ። ለአንድ ሳህን ከእያንዳንዱ ግማሽ ኪሎ ከበቂ በላይ ነው።

ለ1 ኪሎ ፍሪት 60 ግራም ካኦሊን (ነጭ የሸክላ አፈር) እና ከ400 እስከ 450 ሚሊ ሊትር ውሃ ቀላቅሉ፣ በደቃቅ ወንፊት አሳልፉ። ቀጠን ያለ የእንጀራ ሊጥ ሊመስል ይገባል። ደረቁን ዱቄት ስትነኩ ማስክ አድርጉ፤ የመስታወትና የኮባልት ብናኝ ሳንባ ውስጥ መግባት የለበትም። አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ እንጂ በመጥረጊያ አታስነሡት።

መነሻውን ሽፋን ከፊትም ከኋላም፣ በታጠፈው ጠርዝም በፒስቶላ ርጩ፤ ከ30 ሳ.ሜ ርቀት፣ በ2 ባር ግፊት። ቀዳዳዎቹን በቀጭን ብሩሽ ቀቡ፣ ግን እንዳይጠራቀም። ከተተኮሰ በኋላ የአንዱ ሽፋን ውፍረት ከ0.10 እስከ 0.15 ሚ.ሜ ነው የሚሆነው። ወፍራም ኤናሜል ጠንካራ ይመስላል፤ እውነቱ ግን ተቃራኒ ነው፣ በውፍረቱ ልክ ይሰባበራል። ሙሉ በሙሉ አድርቁ። ከዚያ 830 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወደ ደረሰ ምድጃ ሳህኑን በእስቴንለስ ሹል ድጋፎች ላይ አድርጋችሁ አስገቡ፣ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ። በመጀመሪያ ፊቱ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ይሆናል፣ ቀጥሎ ይዘረጋና ያበራል። ያን ጊዜ አውጡት። ንፋስ በሌለበት ቦታ ቀስ ብሎ ይቀዝቅዝ።

ጥቁሩን እንዲሁ በሁለቱም በኩል ረጭታችሁ በ815 ዲግሪ ተኩሱ። ኋላውን መሸፈን ዝገት መከላከያ ብቻ አይደለም፤ ፊቱ ብቻ ከተሸፈነ መስታወቱና ብረቱ እኩል ስለማይሸበሸቡ ሳህኑ እንደ ምጣድ ክዳን ይጎብጣል።

አሁን ዋናው ሥራ መጣ። በነጩ ቅልቅል ውስጥ ለ1 ሊትር ከ2 እስከ 3 ግራም የሟሟ የግራር ሙጫ ጨምሩ፣ ፊቱን ብቻ ርጩና አድርቁ። ሳህኑ ኖራ የተቀባ ይመስላል፤ ትንፋሽ እንኳ ይጎዳዋል። ከጠርዙ ላይ በትናንሽ እንጨቶች 5 ሚ.ሜ ከፍ ያለ የብረት ማስመሪያ ድልድይ አድርጉ፣ እጃችሁም ማስመሪያውም ዱቄቱን እንዳይነካ። ከዚያ ጫፉ 1.5 ሚ.ሜ ሆኖ እንደ መፍቻ ጠፍጣፋ የተቀረጸ የቀርከሃ ስንጥር ያዙ። የብረት ስል አይሁን፣ ከሥር ያለውን ጥቁር ይጭረዋል። በአንድ ትንፋሽ ከግራ ወደ ቀኝ ሳቡት፤ ነጩ ዱቄት በሁለቱም በኩል እንደ ፈር ይገለበጣል፣ ከመሐል ጥቁሩ መስታወት ብልጭ ይላል። መሐል ላይ አትቁሙ፣ የቆማችሁበት ቦታ ጉጥ ሆኖ ለዘላለም ይቀራል። የተነሣውን ዱቄት በለስላሳ ብሩሽ ወደ ውጭ አንሡት። የተበላሸ መስመር ካለ አትጠግኑ፣ ነጩን በሙሉ አጥባችሁ እንደገና ርጩ። ያልተተኮሰ ኤናሜል ውሃ ይበቃዋል።

ቁጥሮቹ 14 ሚ.ሜ ቁመት ቢኖራቸው ይበቃል። የግዕዝ ቁጥር ከላይና ከታች ያሉት ሰረዞች አስቸጋሪ ናቸው፦ መጀመሪያ ሁለቱን ሰረዞች በማስመሪያ ሳቡ፣ ከዚያ አካሉን በነጻ እጅ። ተቃራኒውን ካደረጋችሁ ቁጥሩ ይዛነፋል። ከዚያ በ800 ዲግሪ ተኩሱት። እያንዳንዱ እሳት ካለፈው ዝቅ ማለቱ የታችኛው እንዳይፈላ ነው። እንዲህ የተሠራ መስመር በነጩ መካከል የሚታይ የታችኛው ጥቁር መስታወት ስለሆነ የሚላጥ ነገር የለውም።

ሲበላሽ

ጥቃቅን ጉድጓድና ጥቁር ነጥብ ከታየ ሽፋኑ ሳይደርቅ ገብቷል ወይም ሙጫው በዝቷል። ኤናሜሉ ተሰብስቦ ብረት ካሳየ ቅባት ነበር። ከመተኮሱ በፊት ደረቁ ሽፋን እንደ ደረቀ ኩሬ ከተሰነጠቀ ወፍራም ነው፤ አጥቡትና ድገሙ። ጠርዙ ወደ ቡናማ ከዞረ እሳቱ በዝቷል ወይም ሽፋኑ እዚያ ሳስቷል።

ሳይሰቀል በፊት ሁለት ፈተና ሳትፈትኑት አትለፉ። በጨው ውሃ የራሰ ጨርቅ ሳህኑ ላይ ለሌሊት አልብሱ፤ ጠዋት ቡናማ ነጥብ ካለ እዚያ ቀዳዳ አለ፣ በዚያ ላይ ረጭታችሁ እንደገና ተኩሱ። ሌላው ለአሲድ ነው፦ ከማይታይ ጥግ ላይ የሎሚ ጭማቂ 15 ደቂቃ አቆዩ፣ አጥባችሁ አድርቁ፣ በላዩ በእርሳስ ጭረት ሥሩና በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ጭረቱ ከጠፋ ኤናሜሉ ጥሩ ነው። ተይዞ ከቀረ ፊቱ በአሲዱ ተበልቷል፣ በከተማ ዝናብም ይደበዝዛል።

የምድጃ ነገር ብዙዎችን ያቆማል። ውስጡ ቢያንስ 40 በ40 ሳ.ሜ የሆነ፣ በሩ ከፊት የሚከፈት የኤሌክትሪክ ምድጃ ያስፈልጋል፣ ከላይ በሚከፈት የሸክላ ምድጃ ውስጥ የጋለ ሳህን ማስገባትና ማውጣት አደገኛ ነው። ምድጃ ከሌላችሁ ሳህኑን አጥፋችሁና በስታችሁ፣ መስመሮቹን በሙሉ ልክ ስላችሁ፣ የሽፋኖቹን ቅደም ተከተልና የጠርዙን ነገር ጽፋችሁ ለኤናሜል ሠሪ ስጡ።

ዘንጉና መስቀያው

ዘንጉ 4 ሚ.ሜ ውፍረት ያለው የእስቴንለስ ወይም የነሐስ ሽቦ ነው። ጫፎቹን ወደ ታች አጥፋችሁ ሁለቱን እግሮች በዘንግ ቀዳዳዎቹ አሳልፉ፣ ከኋላ በዳዶ እሰሩ። ኤናሜሉን የሚነካ ሮንዴላ ሁሉ ከናይለን ወይም ከጎማ ይሁን፣ በፊትም በኋላም። ዳዶውን በእጅ አጥብቃችሁ በመፍቻ ሩብ ዙር ብቻ ጨምሩ። ብረት ለብረት ከተጨነቀ መስታወቱ በዙሪያው ይፈነዳል፤ ብዙ ጥሩ ሳህን የሚበላሸው በመጨረሻው አምስት ደቂቃ ነው።

ሳህኑን ከግድግዳው በ15 ሚ.ሜ አርቃችሁ በእስቴንለስ ቡሎንና በፊሸር ስቀሉ፣ ከኋላው አየር ይለፍ። የላይኛው ጠርዝ በውሃ ልክ አግድም ይሁን፤ 9 ዲግሪው መስመሮቹ ውስጥ አለ። ግድግዳው ከዞረ ሳህኑ ያን ቀን ካሰመራችሁት የክር ጥላ ጋር ትይዩ እስኪሆን ድረስ በአንዱ ጎን ያለውን ማራቂያ አርዝሙ። የመስቀያ ቀዳዳዎቹ 260 ሚ.ሜ ስለሚራራቁ 1 ዲግሪ 4.5 ሚ.ሜ ነው።

ሰዓቱ የሚነበበው በጥላው መሐል ነው። በ፩ እና በ፪ ላይ ጥላው ጥርት ያለ ነው፣ ወደ ፭ ሲወርድ ጠርዙ ይደበዝዛል፤ ፀሐይ ነጥብ ሳትሆን ግማሽ ዲግሪ ስፋት ስላላት ነው፣ ሥራችሁ ስለተበላሸ አይደለም። በሰኔ ጥላው ወደ ግራ፣ በታኅሣሥ ወደ ቀኝ ይንሸራተታል፣ ይህም ንባቡን አይነካም።

የምድር ጉዞ እኩል ፍጥነት ስለሌለውና ዘንጓም ስላዘነበለ የፀሐይ ሰዓት በዓመት አራት ቀን ብቻ ከእጅ ሰዓት ጋር ይስማማል፦ ሚያዝያ 7፣ ሰኔ 6፣ ነሐሴ 26 እና ታኅሣሥ 16 አካባቢ። ጥቅምት 24 ላይ በ16 ደቂቃ ይቀድማል፣ የካቲት 4 ላይ በ14 ይዘገያል፣ ግንቦት 6 ላይ ወደ 4 ደቂቃ ይቀድማል፣ ሐምሌ 19 ላይ ከ6 ደቂቃ በላይ ይዘገያል። ይህን ሰንጠረዥ በትንሽ ሳህን ላይ በዚሁ ዘዴ ጽፎ ከሥሩ መስቀል ጥሩ ነው።

በፖርሲሊን ለመሥራት

ብረት የማያስፈልገው መንገድም አለ። በገበያ ያለ ውሃ የማይመጥ ነጭ የፖርሲሊን ንጣፍ (የሚመጠው ውሃ ከ0.5 በመቶ በታች የሆነ) ቀዳዳውን በዳይመንድ ጫፍና በውሃ ብሱ፣ መስመሮቹን ለሸክላ በሚሆን የእሳት ቀለም ጻፉና በ800 ዲግሪ አካባቢ ተኩሱ። ንጣፉ ወፍራም ስለሆነ እንደ ኤናሜል በደቂቃዎች አይሆንም፤ ሙቀቱ በሰዓታት ይውጣ፣ በሰዓታት ይውረድ፣ አለዚያ ለሁለት ይሰነጠቃል። ዝገት አያውቀውም፣ ግን ቀለሙ ላይ ላዩን ስለሆነ መስመሩ የኤናሜሉን ያህል ጥልቀት የለውም። ከጥሬ ጭቃ የምትጀምሩ ከሆነ ፖርሲሊን ሲደርቅና ሲተኮስ ከ12 እስከ 14 በመቶ ይሸበሸባል፤ አስቀድማችሁ በ100 ሚ.ሜ ሙከራ የራሳችሁን ጭቃ ለኩ፣ ስዕሉን በዚያ ልክ አሳድጉ፣ የዘንጉን ከፍታ ግን ሳህኑ ከምድጃ ወጥቶ መስመሮቹ ከተለኩ በኋላ ወስኑ።